ገበያው ሲቀዘቅዝ ሥራው ይሞቃል
የሴንት አንድሪውስ ጎልፍ ሜዳ የክረምት ጥገና ለባለሀብት ምን ይነግረዋል?

ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ ከገባ በኋላ “የከፈልክበትን ዕቃ በጥንቃቄ ካልሆነ እንዳትነካው” ቢባል ምን ይላል? በስኮትላንድ ሴንት አንድሪውስ ከተማ፣ “ኦልድ ኮርስ” በሚባለው አንጋፋ የጎልፍ ሜዳ በክረምት ወራት የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት፣ በክረምት የሚመጣ ተጫዋች አንዲት አነስተኛ የምንጣፍ ቁራጭ ይዞ ይዞራል። ኳሷ ፌርዌይ በሚባለው ዋናው የመጫወቻ መስመር ላይ ባረፈች ቁጥር ያነሳታል፤ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ ኳሷን ከምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ይመታታል። ሣሩን መርገጥ አልተከለከለም፤ በመምቻ ዘንግ መላጥ ግን አይፈቀድም።

ነገሩ ለጊዜው ደንበኛን የሚያስከፋ ይመስላል። ከሩቅ አገር ተነስቶ፣ የአውሮፕላን ከፍሎ የመጣ ሰው በዓለም ስሙ የገነነውን ሣር ሊመታ እንጂ ምንጣፍ ሊመታ አልነበረም። ይሁን እንጂ የሜዳው አስተዳደር ይህን የሚያደርገው ገበያን ንቆ አይደለም። በተቃራኒው ገበያውን በሚገባ አስልቶ ነው። ስሌቱ ጎልፍ ተጫውተው ለማያውቁት ነጋዴዎቻችንም የሚጠቅም ስለሆነ በዚህ ገጽ ልናየው ወደናል።

አስቀድመን ሁለት ነጥቦችን ግልጽ እናድርግ። አንደኛ፣ እዚህ ላይ ክረምት ስንል በሰኔ የሚገባውን የእኛን የዝናብ ወቅት ሳይሆን ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን የአውሮፓውያኑን የቅዝቃዜና የአጭር ቀን ወራት ነው። ሁለተኛ፣ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ኦልድ ኮርስ የግለሰብ ንብረት አይደለም። መሬቱ የሕዝብ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ የፓርላማ ሕግ የተቋቋመው የሴንት አንድሪውስ ሊንክስ ትረስት ነው። ትረስቱ ኦልድ ኮርስን ጨምሮ ሰባት ሜዳዎችን ይመራል። ትርፍ የሚከፋፈለው ባለአክሲዮን የለውም፤ የሚተርፈው ገንዘብ ተመልሶ በሜዳዎቹ ላይ ይውላል። የከተማው ነዋሪ በዓመታዊ ትኬት በአነስተኛ ዋጋ ይጫወታል። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 በዋናው ወቅት ለአንድ ዙር ጨዋታ 340 ፓውንድ ይከፍል ነበር። በዚህም ዋጋ ፈላጊው ከአቅርቦቱ ስለሚበልጥ፣ አስቀድመው ካልተያዙት የመነሻ ሰዓታት ብዙዎቹ የሚታደሉት በየዕለቱ በሚወጣ ዕጣ ነው።

እንግዲህ ሜዳው የሚሸጠው “የመነሻ ሰዓት” ነው። አራት ሰዎች ያሉበት አንድ ቡድን በየ10 ደቂቃው ቢነሳ በሰዓት 24 ሰው ይስተናገዳል። ሁሉም ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉ እንግዶች ቢሆኑ የአንድ ሰዓት ሽያጭ 8,160 ፓውንድ ይሆናል ማለት ነው። ነዋሪዎችም ተራቸውን ስለሚወስዱ እውነተኛው ገቢ ከዚህ ያንሳል፤ ነገር ግን የአንዲት ሰዓት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማሳየት ይህ ስሌት በቂ ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። ሴንት አንድሪውስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን እጅግ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በጁን መጨረሻ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ከ17 ሰዓት በላይ ይቆያል። በዲሴምበር መጨረሻ ግን ቀኑ 7 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ ዙር ለመጨረስ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል ብንል፣ በዲሴምበር ተጫዋች ማስነሳት የሚቻለው ለ3 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ይኸውም 72 ሰው መሆኑ ነው። በጁን በአንጻሩ 13 ሰዓት ማስነሳት ስለሚቻል ቁጥሩ 312 ይደርሳል። ስሌቱ የወረቀት ላይ ቢሆንም አንድ እውነት ያሳያል፤ በክረምት የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ከአራት እጅ ወደ አንድ ይወርዳል። ዋጋውም ይቀንሳል። ዝናቡ፣ ነፋሱና ብርዱ ሲታከልበት ፈላጊውም ይሳሳል።

ወጪው ግን በዚያ መጠን አይወርድም። ሜዳውን የሚንከባከቡት ሠራተኞች ሙያቸው በብዙ ዓመት ልምድ የሚገኝ በመሆኑ በኖቬምበር አሰናብቶ በኤፕሪል እንደገና መቅጠር አይታሰብም። ደመወዛቸው በጃንዋሪም ሆነ በጁላይ ያው ነው። ስለዚህ አስተዳደሩ በክረምት እጁ ላይ የሚቀረው ደመወዙ የተከፈለ የሰለጠነ ጉልበትና ሊሸጥ የማይችል ሰዓት ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ብንናገር፣ ጥገና ለመሥራት ሲባል የሚታጣው ገቢ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ የሚለው በዚህ ወቅት ነው። በጁላይ ለአንድ ሥራ ሲባል 10 የመነሻ ሰዓት ቢታጠፍ፣ ከላይ ባየነው ስሌት እስከ 81,600 ፓውንድ የሚደርስ ሽያጭ ይቀራል። ያው ሥራ በጃንዋሪ ቢሠራ የሚቀረው ከዚህ ጥቂቱ ነው።

ሣሩም እንደ ማሽን ያረጃል

“ታዲያ ክረምቱን ሙሉ አይዘጉትም?” የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አይዘጉትም። ሜዳው የተዘረጋው በባሕር ዳር አሸዋማ መሬት ላይ ስለሆነ የዝናብ ውኃ ቶሎ ይሰርጋል። የውስጥ አገር ጭቃማ ሜዳዎች በሚዘጉበት ቀን ኦልድ ኮርስ ተጫዋች ሊያስተናግድ ይችላል። ይህ ትልቅ የገበያ ብልጫ ነው። ችግሩ ግን መሬቱ ቢችልም ሣሩ አለመቻሉ ነው።

የአፈሩ ሙቀት ከ5 ወይም ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሣር ማደጉን ሊያቆም ይቃረባል። በበጋ መምቻ ዘንግ የነቀለው የሣር ቁራሽ ቦታ ዘርና አሸዋ ተጨምሮበት በጥቂት ሳምንታት ይሸፈናል። በዲሴምበር የተነቀለው ግን እስከ ፀደይ ድረስ ክፍት ቁስል ሆኖ ይቆያል። በዓመት ከ40 ሺህ በላይ ዙር በሚስተናገድበት ሜዳ ላይ የክረምቱ ቁስል ሳይድን የበጋው ሲደረብበት፣ 340 ፓውንድ የከፈለው የጁላይ እንግዳ የሚያገኘው የተላጠ መሬት ነው። የምንጣፏ ቁራጭ ምክንያት ይህ ነው። የክረምቱን ገቢ ሳያስቀር የበጋውን ዕቃ ከጉዳት ያድናል።

ውርጭም ሌላው ጠላት ነው። የደጋ ገበሬ አመዳይ የመታውን ማሳ ያውቀዋል። አመዳይ የሸፈነው ሣር ሲረገጥ፣ በውስጡ የረጋው ውኃ የሣሩን ሕዋሳት ይሰብራል፤ ውሎ አድሮም በሜዳው ላይ የጫማ ዱካ ቅርጽ ያለው የደረቀ ምልክት ይታያል። በዚህ ምክንያት በውርጭ ቀን አመዳዩ እስኪቀልጥ ድረስ የመጀመሪያውን ቡድን ማዘግየት በብሪታንያ ሜዳዎች የተለመደ ነው። አንዳንዶቹም ዋናውን ግሪን፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበትን ልስልስ ሣር፣ ዘግተው ከፊቱ ጊዜያዊ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጠል በሣሩ ላይ ሲቆይ ደግሞ የፈንገስ በሽታ ስለሚያስከትል፣ ሠራተኞች ማለዳ ተነስተው በረጅም ቀጭን ዘንግ ጠሉን ሲያራግፉ ይታያሉ። ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ ሆኖም በሽታው አንዴ ከገባ በኋላ ከሚወጣው የመድኃኒት ወጪ ጋር ሲነጻጸር “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው ዓይነት ነው።

የኦልድ ኮርስ ዕረፍት በክረምት ብቻ የተወሰነ አለመሆኑንም መጥቀስ ይገባል። ከጥቂት ታላላቅ ውድድሮች በስተቀር ሜዳው እሑድ እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው። በዚያ ቀን የከተማው ሰው ልጆቹንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። በዓመት 52 ቀን የሚሸጥ ዕቃ እያለ አለመሸጥ ማለት ነው። የከተማው ነዋሪ ግን ሜዳው ከተጫዋቹ በላይ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሎ ያምናል።

112 ጉድጓዶችና የእርጅና ተቀናሽ

ከክረምቱ ሥራዎች ሁሉ ጉልበት የሚፈጀው የባንከሮች እድሳት ነው። ባንከር ኳስ የሚይዝ የአሸዋ ጉድጓድ ሲሆን፣ በኦልድ ኮርስ ላይ 112 አሉ። ግድግዳቸው የሚሠራው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ አይደለም። ሣሩ ከነሥሩና ከነአፈሩ በቁራጭ በቁራጭ ይቆረጥና እንደ ጡብ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል። ድርድሩ ወደ ኋላ ትንሽ ጋደል ይላል፤ ከበስተጀርባው አፈር ይጠቀጠቅበታል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል፤ ተጫዋቾች ኳስ ለማውጣት በመቱ ቁጥር አሸዋው ይፈገፍገዋል። በዚህም ግድግዳው ከጥቂት ዓመታት በላይ ሳይቆይ ይናዳል።

ለሒሳብ ያህል የአንድ ግድግዳ ዕድሜ አራት ዓመት ነው ብለን ብንነሳ፣ ከ112ቱ ውስጥ በየክረምቱ 28ቱን አፍርሶ መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ክረምት ቢታለፍ በሚቀጥለው 56 ይጠብቃሉ። ከዚያም በኋላ የሠራተኛው ቁጥርም ሆነ የቀኑ ርዝመት አይበቃም። የሒሳብ ባለሙያዎች የእርጅና ተቀናሽ የሚሉትን ነገር በሌላ መስክ በመዝገብ ላይ እንደ ቁጥር እናየዋለን። እዚህ ግን በአካፋ የሚሠራ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። በሌሎች አንዳንድ ሜዳዎች ግድግዳውን በሰው ሠራሽ ሣር ቁራጭ መሥራት ተጀምሯል። የመጀመሪያ ወጪው ከፍ ይላል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል። የትኛው ያዋጣል የሚለው እንደየሜዳው የጉልበት ዋጋና እንደ ደንበኛው ፍላጎት የሚወሰን ነው።

ሁለተኛው ሥራ መሬቱን መውጋት ነው። በዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ ጫማ የረገጠው አፈር ይጠቀጠቅና አየርም ውኃም ለሥሩ አይደርስም። ስለዚህ ረጃጅም የብረት ጥርሶች ባሉት ማሽን መሬቱ ይበሳል፤ ቀዳዳው ላይ አሸዋ ይነሰነሳል። አሸዋ መነስነስ በሴንት አንድሪውስ ረጅም ታሪክ አለው። ከ1860ዎቹ አጋማሽ እስከ 1903 የሜዳው ጠባቂ የነበረውና የዘ ኦፕን ውድድርን አራት ጊዜ ያሸነፈው ኦልድ ቶም ሞሪስ፣ አሸዋ የግሪኑን ሣር እንደሚያበረታ ተረድቶ ዘዴውን በማስፋፋቱ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ዛሬ ማሽኑ ቢለወጥም ሐሳቡ ያው ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የተስፋፋው እሾሃማ ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ የእግረኛ መተላለፊያዎች ይጠገናሉ፤ የሣር ማጨጃዎች ተፈትተው ምላጫቸው ይሳላል። አንድ ማጨጃ በጁላይ ማለዳ ቢበላሽ የሚያስከትለውን ኪሳራ ያወቀ ሰው፣ ምላጩን በጃንዋሪ ለመሳል አያመነታም።

ጥገና ሌላ፣ ማሻሻያ ሌላ

እስካሁን ያየነው ያለውን ነገር ባለበት የማቆየት ሥራ ነው። ከዚህ የሚለየው፣ ሜዳውን የመለወጥ ሥራ ነው። ይህም ቢሆን የሚከናወነው በክረምት ነው። ክርክሩ ግን እዚህ ላይ ይከርራል።

ምክንያቱ ቴክኖሎጂ ነው። ኳሱና መምቻው በየጊዜው ስለሚሻሻል ተጫዋቾች ሩቅ ይመታሉ፤ በጥንት ዘመን የተቀመጠው ጉድጓድ ከመንገዳቸው ውጪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኦልድ ኮርስ በተካሄደው 150ኛው ዘ ኦፕን አውስትራሊያዊው ካሜሮን ስሚዝ አራቱን ዙር በ268 ምት ጨርሶ አሸንፏል፤ ይህም ለአራት ዙር ከተመደበው ምት 20 ያነሰ ነው። ሜዳው አላረጀም፤ በዙሪያው ያለው ዕቃ ግን ጥሎት ሄዷል። ባለፋብሪካዎች ይህን ዓይነት እርጅና ያውቁታል፤ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ገበያው ሲያልፈው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሁለት ክረምት ለ2015ቱ ውድድር ዝግጅት በተደረጉት ለውጦች፣ 11ኛውን ግሪን ጨምሮ የተወሰኑ ቦታዎች ቅርጽ ሲነካ ከባድ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። አንዳንድ የሜዳ ንድፍ ባለሙያዎችና ተጫዋቾች “ዘመናት የሠሩትን ሜዳ በቁፋሮ ማሽን መንካት ነውር ነው” ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ስሜት ብቻ አልነበረም። የኦልድ ኮርስ ዋጋ ያለው በጥንታዊነቱ ነው። ጥንታዊነቱ ከተጠረጠረ የሚሸጠውም ስም ይጠረጠራል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ ለ2027ቱ 155ኛ ዘ ኦፕን የታቀደው ሥራ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2025 ተጀመረ። ንድፉ የማኬንዚ ኤንድ ኢበርት ድርጅት ነው። በዕቅዱ መሠረት 5ኛው፣ 6ኛው፣ 7ኛው፣ 10ኛው፣ 11ኛውና 16ኛው መጫወቻዎች እንዲረዝሙ፣ 12ኛው እንዲያጥር ሲደረግ፣ የውድድሩ አጠቃላይ ርዝመት በ132 ያርድ ጨምሮ 7,445 ያርድ ይሆናል። ይህም በሜትር 6,800 ገደማ ነው። በ16ኛው ላይ የቀድሞው የግራ መንገድ እንደገና እንዲከፈት ታስቧል።

ከዕቅዱ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የበለጠ የሚናገረው ግን የ17ኛው “ሮድ ባንከር” ጉዳይ ነው። ይህ ጉድጓድ በጎልፍ ዓለም እጅግ የሚፈራ ነው። ተጫዋቾች ኳስ ለማውጣት በመቱ ቁጥር የሚበተነው አሸዋ በዙሪያው ላይ ያርፋል። ለብዙ ዓመታት ሲጠራቀም መሬቱ ከፍ ይላል፤ በየጊዜው የተደረገው እድሳትም ቅርጹን በጥቂት በጥቂቱ ይለውጠዋል። እንግዲህ የታቀደው ሥራ የእድሳቱን ድምር ውጤት መመለስ ነው። ጥገና ራሱ፣ መለኪያና መዝገብ ከሌለው፣ ንብረቱን ሳይታወቅ ወደ ሌላ ነገር እንደሚለውጠው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከተማዋ አንድ ጊዜ ተሳስታለች

የሴንት አንድሪውስ ሰዎች ስለ ሣራቸው እንዲህ መጠንቀቃቸው ያለ ነገር አይደለም። በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በሜዳው ላይ ጥንቸል ለማርባት ፈቃድ ሲያገኝ፣ የሕዝቡ የመጫወት መብት የተጠበቀ መሆኑ በሰነድ ተረጋግጦ ነበር። በ1797 ግን ዕዳ የበዛበት የከተማው ምክር ቤት መሬቱን ሸጠው። ብዙም ሳይቆይ ጥንቸል በሚያረቡ ነጋዴዎች እጅ ገባ። ጥንቸሎቹ ሜዳውን ቦረቦሩት። ተጫዋቾችና ነጋዴዎች ከ20 ዓመት በላይ በፍርድ ቤትና በሜዳው ላይ ተጣሉ። በመጨረሻ በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ የአካባቢው ባለርስት ገዝቶ ከጥንቸል አዳነው። ከተማዋ መልሳ የራሷ ያደረገችው በ1894 ነው።

ምክር ቤቱ የሠራው ስህተት ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ለዛሬ ጥሬ ገንዘብ ሲባል የነገውን ገቢ የሚያስገኘውን ንብረት አሳልፎ ሰጠ። ጥጃዋን ሳያጠቡ ላሚቱን ማለብ ማለት ይህ ነው። ዛሬ በፌርዌዩ ላይ የምትነጠፈው ምንጣፍ የዚያ ታሪክ ግልባጭ ናት ማለት ይቻላል።

ለእኛስ?

የአገራችን ወቅት የተገላቢጦሽ ነው። በደጋው ሣር የሚለመልመው በክረምት ነው፤ የሚጎዳው በበጋ፣ ውኃ ሲያጥር ነው። ስለዚህ ለመዝናኛ ማዕከል ወይም ለሎጅ የሣር ሜዳ የሚያስብ ባለሀብት የሴንት አንድሪውስን የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ስሌቱን ነው መውሰድ ያለበት። ስሌቱም ሦስት ጥያቄዎች አሉት። ንብረቴ በፍጥነት የሚያረጀው በየትኛው ወቅት ነው? ጥገና ብሠራ የሚቀርብኝ ገቢ ከሁሉ የሚያንሰው መቼ ነው? ደመወዙን የምከፍለው ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠውስ መቼ ነው?

ጥያቄዎቹ ለሣር ብቻ አይደሉም። የጭነት መኪና ያለው፣ ወፍጮ ያለው፣ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሁሉ የየራሱ ክረምት አለው። አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቆረጠው የጥገና ወጪ መሆኑን ነው። ምክንያቱም በዚያ ወር ጥገና አለመሥራቱ ምንም አያሳይም። የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ፣ ደንበኛው በር ላይ ሲሰለፍ ነው።

ስለዚህ የንግድ ድርጅት ሊገዛ ወይም ሊሸርክ የሚያስብ አንባቢ የሽያጩን ቁጥር ካየ በኋላ መዝገቡን አይክደን። ገበያው በቀዘቀዘባቸው ወራት ለጥገና የወጣውን ገንዘብ የምታሳየውን መስመር ይፈልግ። መስመሯ ባዶ ከሆነች፣ የተጠየቀው ዋጋ ላይ ገና ያልተሠሩትን 28 ግድግዳዎች ጨምሮ ይደራደር።